የተቀላቀሉት ጠርሙሶች

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳስተምር ኖሬ፣ ከሁሉ የማልረሳውን ትምህርት የተማርኩት ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጎማው በፈነዳ ሚኒባስ አጠገብ ነው። በየካቲት ወር ከዘመሮ ወደ መሐል ሜዳ ስንሄድ ነበር። ሾፌሩ ትርፍ ጎማ እንዳልያዘ የነገረን ሁላችንም ከወረድን በኋላ ነው። ሌላ ጎማ እስኪመጣለት የመንገዱን ዳር ካብ ተደግፈን ተቀመጥን። እኔ በባሕርዬ መጠበቅ የሚባል ነገር አይሆንልኝምና ምላሴ እስኪደክም ሾፌሩን ወቀስኩት።

ከጎኔ የነበሩት አቶ ወንዳፈራሁ ግን ጎማውም ብርዱም ትዝ አላላቸውም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በንብ አናቢነታቸውና በሽምግልናቸው ስማቸው የተጠራ ሰው ናቸው፤ እሳቸው ገብተውበት ያልበረደ ጠብ የለም ይባላል። ከኪሳቸው ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቡናማ ጠርሙስ አውጥተው ያሳዩኝ ጀመር። ከማዶ በኩል የተቀመጠችው ነርስ ጽናት ጠርሙሱን አየችና ተጠግታ ሰላምታ ሰጠቻቸው። ለካ ይተዋወቃሉ። ጽናት የምትሠራው የስኳር ሕመምተኞች ከኪኒናቸው በተጨማሪ የንብ ሙጫ ቢወስዱ ይጠቅማቸው እንደሆነ በሚመረምር ጥናት ላይ ነው። ሐኪሞቹ ሙጫውን ፕሮፖሊስ ይሉታል። አቶ ወንዳፈራሁና ጎረቤታቸው አቶ አፈወርቅ ሁለቱም ስኳር አለባቸው፤ ፈቅደውም ተመዝግበዋል።

የጽናት የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ አቶ አፈወርቅ ነበር። በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም፤ ስልካቸውም አይነሳም፤ ዛሬ ዘመሮ ድረስ ሄዳ ቤታቸውን ሳታገኘው መመለሷ ነው። አቶ ወንዳፈራሁ እግሩን ጥቂት ቆስሎ ነው፣ ሌላ ነገር የለም ብለው አለፉት። እሷ ግን ቁስል የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

ሽማግሌው ይህን አላዩም። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ንብ ነበር፤ እኔም ሾፌሩን ረስቼ አፌን ከፍቼ አዳመጥኩ። ንብ ከየዛፉ ቅርፊትና እምቡጥ ሙጫ ለቅማ የቀፎዋን ስንጥቅ ትደፍናለች። አንድ ዓመት አይጥ ቀፎ ውስጥ ገብታ ሞተች። ንቦቹ ጎትተው ማውጣት ቢያቅታቸው በሙጫ ገነዟት። አቶ ወንዳፈራሁ ከወራት በኋላ ቀፎውን ሲከፍቱ አይጧ ደርቃ አገኟት፤ ሽታ የሚባል የለም። በድን እንዳይሸት ያደረገ ነገር የሕያውን ሰው ደም ቢያጠራ ምን ይገርማል ይላሉ። እንዲያውም ባለፈው ጊዜ ሲለኩ ስኳራቸው ወርዶ ተገኝቷል።

«ያውም ግማሹን ብቻ እየወሰድኩ ነው፤» አሉ፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ከሁለት ጠርሙስ አንዱ ሙጫ፣ አንዱ መልኩና ምሬቱ ሙጫ የሚመስል ባዶ ነው ብላችሁን አልነበር? እኔ ሙጫው ደርሶኝ አፈወርቅ ባዶውን ሊጠጣ ነው? አብሮኝ ጽዋ የሚጠጣ ሰው እኮ ነው! ሁለቱን አንድ ላይ ገለበጥናቸውና እኩል ተካፈልን።»

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ከሽማግሌው ጋር ነበር። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ያደግሁ ሰው ነኝ። እኔም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ጽናት ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዞረች።

«አባባ፣ ጋሽ አፈወርቅ ኪኒናቸውን ይወስዳሉ?» አለች ቀስ ብላ።

«ኪኒኑንማ ከታኅሣሥ ጀምሮ ትቶታል። የኔ ስኳር መውረዱን አይቶ፣ እኔም ተው አልኩት። እኔስ ልማድ ሆኖብኝ እውጠዋለሁ እንጂ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ሆድ ይጣላል። ቁስሉንም ቢሆን ሙጫ ይቀባዋል።»

ጽናት ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሽምግልና ስለመቀመጥ ጠየቀቻቸው። «ሁለት ሰዎች በድንበር ተጣልተው እርስዎ ዘንድ ሲመጡ፣ ምስክሮቹን አንድ ላይ አስቀምጠው ነው የሚሰሟቸው?»

«ምን ነካሽ ልጄ! አንዱ ሲናገር ሌላው ከአጥር ውጭ ይቆያል። ከተገናኙማ ቃላቸውን አንድ ያደርጉታል። እውነቱ ከየት ይገኛል?»

«ሁለቱ ጠርሙሶችም ምስክሮች ነበሩ። ተለያይተው እንዲመሰክሩ የትኛው ሙጫ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ እኔ እንኳ እንዳላውቅ ተደርጓል። እርስዎ ግን ወስደው አገናኟቸው።»

ጽናት በዚህም አልለቀቀቻቸውም። ስኳርዎን ያወረደው ምንድን ነው አለቻቸው። ሙጫው ነው? በየቀኑ የሚውጡት ኪኒን ነው? ስኳር ያለበት ሻይ መተውዎ ነው? «እኔ በሙሉ ልቤ ሙጫው እንዲረዳ እመኛለሁ፣ የአገራችን ንብ የሠራችው ነገር በወጉ ሲመረመር ማየት ለእኔም ትልቅ ደስታ ነው፣ ግን ምኞቴን ማስረጃ ብዬ ለበሽተኛ አልሰጥም» አለች። ባዶው ጠርሙስ የደረሰውም ሰው አልተበደለም፤ ኪኒኑን ማንም አልከለከለውም። ጠርሙሱ በኪኒኑ ላይ የሚጨመር ነው፤ ኪኒኑን ይተካል ያለ ሐኪም የለም።

አቶ ወንዳፈራሁ ጠርሙሱን በመዳፋቸው አገላበጡ። በመጨረሻ የተናገሩት ለእሷም ለእኔም አይመስልም ነበር።

«ምስክር ሳልሰማ ፈረድኩ። የፈረድኩትም በአፈወርቅ እግር ላይ ነው።»

ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ አልተነሳም። ደግመው ወደ አቶ አፈወርቅ ልጅ ወደ አረጋሽ ደወሉ። አረጋሽ አባቷ እግሩን ማንም እንዳያይበት በነጠላ ጠቅልሎ ሦስት ቀን መተኛቱን፣ ለሰው እንዳትናገርም እንዳስማላት ነገረቻቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው፤ ግን ስንቱ ይሰማዋል! ስልኩን ለአቶ አፈወርቅ ስታቀብል እምቢታቸው እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማ ነበር። ሙጫው ይበቃኛል፣ አንተው ራስህ አልነበርክም ወይ ያልከኝ ይላሉ።

«አዎ፣ እኔው ነኝ ያልኩህ፤ ተሳስቼ ነው ያልኩህ፤» አሉ አቶ ወንዳፈራሁ። «ያንን ፍርድ ዛሬ በሰው ፊት አንስቻለሁ። አሁን መጥቼ ሐኪም ቤት እወስድሃለሁ። እምቢ ካልከኝ ከደጅህ አልነሳም።»

እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ አንድ አይሱዙ ወደ ዘመሮ ሲያልፍ መንገዱ መሐል ቆመው አስቆሙት። ጽናትም አብራቸው ወጣች። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በጭነት መኪና ላይ እንደ ጎረምሳ ሲንጠለጠል አይቼ እኔም ደሜ ሞቀ። ሾፌሩን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሁለቱን ጓደኛሞች እንደገና ያገኘኋቸው ከፋሲካ በኋላ፣ በመሐል ሜዳ ገበያ ነው። አቶ አፈወርቅ ከዘራ ይዘዋል። ከግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ተቆርጣለች፤ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ቢሆን እግሩ በሙሉ ይሄድ እንደነበር ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ኪኒናቸውን ዛሬ ጧትና ማታ ይውጣሉ፣ እግራቸውን በየቀኑ አጥበው ያያሉ፣ ቀጠሮ አያጓድሉም። የሁለቱም ስም ከጥናቱ ወጥቷል፤ የተቀላቀለ ቃል አይቆጠርም። አቶ ወንዳፈራሁ ግን በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆመው ያደረጉትን አንድ በአንድ ተናገሩ። ይህን ሰምተው እኛም ቀላቅለናል ያሉ አራት ሰዎች ወደ ጽናት መጡ፤ ከነሱም መካከል ኪኒኗን የተወች አንዲት እናት ነበረች፤ እሷ ገና ምንም ሳትሆን ተደረሰላት። ያልቀላቀሉት ዛሬም እያንዳንዳቸው ከየራሳቸው ጠርሙስ ይወስዳሉ።

እኔ መቼም መጠበቅ አልችልም አይደል፣ ታዲያ ሙጫው ይረዳል ወይስ አይረዳም ብዬ አቶ ወንዳፈራሁን አፋጠጥኳቸው።

ሽማግሌው የጓደኛቸውን ጫማ አዩ። «ጥናቱ አላለቀም፣ መምህር። አንድ ጊዜ ቸኩዬ የሰው ጣት አስቆርጫለሁ። አሁን ምስክሩ ተሰምቶ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ።»