ራሱን የማያውቀው ቁጥር

ከአንዋር መስጊድ በተሳፈርኩበት ታክሲ ከፊቴ አንድ የበርበሬ ነጋዴና አንዲት ፕሮግራመር ያወራሉ።

"ጋሼ፣ የመጋዘንዎ ሙቀት መለኪያ ከትናንት ጀምሮ የሚልከው ቁጥር አይደለም።"

"ታዲያ የእሳቱ ደወል ለምን ዝም አለ?"

"ፕሮግራሙ 'ሙቀቱ ከስልሳ በላይ ነው?' ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ 'አይደለም' ነው። 'ከስልሳ በታችስ?' ቢለውም 'አይደለም'።"

"ጉድ ነው! ምንድነው እሱ?"

"'ናን' እንለዋለን፤ 'ቁጥር ያልሆነ' ማለት ነው። ቁጥር መስሎ ይገባና የነካውን ስሌት ሁሉ እንደራሱ ያደርገዋል።"

"መከላከያ የለውም?"

"አለው እንጂ። ፕሮግራሙን የጻፍኩበት ቋንቋ 'ቁጥር አለ' ወይም 'ቁጥር የለም' የሚል ሳጥን አለው። ቁጥሩ ከሌለ ምን እንደሚደረግ ካልነገርኩት አላሳልፍም ይለኛል። እኔ ግን ያለ ሳጥን አስገባሁት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ቁጥር አለመሆኑን በምን ታውቂያለሽ?"

"'ከራስህ ጋር እኩል ነህ?' ብዬ እጠይቀዋለሁ። 'አይደለሁም' የሚል እሱ ብቻ ነው።"

ሰውዬው ወደ እሷ ዞሩ።

"ዛሬ ጠዋት ዘበኛውን ከበር ላይ ሆኜ በስሙ ጠራሁት። ከውስጥ፣ በገዛ ድምፁ፣ 'እሱ አይደለሁም' አለኝ።"

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"ቀልድ መስሎኝ ስቄ ሄድኩ።"

"ጋሼ፣ ጭስ አልሸተተዎትም?"

"የበርበሬ መጋዘን እኮ ነው ልጄ፤ በሩ ላይ ስደርስ ማሳል የሁልጊዜ ልማዴ ነው።"

"ወራጅ አለ!" ብላ ጮኸች።

እኔ 'እሱ አይደለሁም' እንዳይለኝ ፈርቼ፣ በመስኮቱ መስታወት ላይ ያለውን ፊቴን ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።