«አጥፋው» የተባለው ማድያት

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ የተያዘ፤ በሰፈሩ «መነጽር» በሚል ቅጽል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ በፎቶ ቤት ውስጥ ፎቶ አስተካካይ
አድራሻ፦ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት
ጉዳዩ፦ ከቤት ወጥተው ያልተመለሱ አዛውንት

ቃሌን የምሰጠው ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ መጥቼ ነው። የኮምፒውተር ቴክኒሺያኑ ትናንት ከሰዓት በኋላ መያዙን የነገረችኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናት። ቴክኒሺያኑን የማውቀው የፎቶ ቤቱን ኮምፒውተሮች ስለሚጠግን ነው፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። የጠፉት አዛውንት አባቱ ናቸው። እኔ በአካል አይቻቸው አላውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቴክኒሺያኑ አዲስ የኮምፒውተር ስክሪን ገዝቶ ገጠመልኝ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ላይ ቡናማ ጥላዎች ወጡ። ትልቁ አውራ ጣት ያክላል። ሥራዬ የሰው ፊት ማጽዳት ስለሆነ ተቸገርኩ። በአንዲት ሙሽራ ግንባር ላይ የሌለ ጥላ ሳጸዳ ውዬ ፎቶው ሲታተም ግንባሯ እንደ ኖራ ነጥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ፊት ላይ የሆነ ነገር ባየሁ ቁጥር ፎቶውን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሳለሁ። ጥላው በቦታው ከቀረ የስክሪኑ ነው፤ ከፎቶው ጋር ከሄደ የፎቶው ነው።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት ስክሪኑን ባየች ጊዜ «ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ማድያት? አርግዞ እንዳይሆን» ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁላችንም፣ ቴክኒሺያኑም ጭምር፣ «ማድያቱ» እያልን እንጠራው ነበር። እሱም መጥቶ አየውና «ጋሼ፣ በጣትህ እንዳትጫነው፣ ይሰፋል። ሲብስብህ አጥፋውና ይረፍ። ሻጩ እንዲቀይርልን እነግረዋለሁ» አለኝ። ይህን ሲናገር የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነበረች። በስልክ ባገኘሁት ቁጥርም ከሰላምታ በፊት «ማድያቱ እንዴት አደረ?» ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ፎቶ ቤቱን እንደከፈትኩ የቴክኒሺያኑ ታላቅ እህት መጣች። አባቷ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ እንዳልተመለሱ፣ የመርሳት ችግር እንዳለባቸው፣ መድኃኒታቸውንም እንዳልወሰዱ ነግራኝ በየቦታው የሚለጠፍ ወረቀት እንዳዘጋጅላት ጠየቀችኝ። የሰጠችኝ ፎቶ አሮጌ ነው፤ ጠርዙን እርጥበት በልቶታል። «ቶሎ በልልኝ ወንድሜ፣ መልካቸው ብቻ ይታይ» አለችኝ።

ፎቶውን ስካን አድርጌ ስከፍተው በግራ ጉንጫቸው ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ፎቶውን አንቀሳቀስኩት፤ አብሮ ሄደ። የስክሪኑ እንዳልሆነ አወቅሁ። የጉንጫቸው ይሁን የእርጥበቱ ግን መለየት አልቻልኩም። እህትየው በሩ ላይ ቆማ ለዘመድ እየደወለች ታለቅስ ስለነበር እሷን ማቋረጥ ከበደኝና ወንድሟ ጋር ደወልኩ። እጄ ማውሱ ላይ ስለነበር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሱ ሲያለከልክ ይሰማኛል። «ማድያቱን ምን ላድርገው?» አልኩት። «ጋሼ፣ በፈጠረህ፣ አሁን ስለሱ ነው የምታወራኝ? አጥፋው» ብሎ ዘጋብኝ። የተቆጣው ጊዜ ስላባከንኩ መሰለኝ። አጠፋሁት። እህትየው ወረቀቱን እንደተጠቀለለ ይዛ ሮጠች፤ አልዘረጋችውም።

እሑድ ከሰዓት ተመልሳ መጣች። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ ጥበቃ ቅዳሜ ዕለት አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀምጠው አግኝቶ ከወረቀቱ ጋር አስተያይቷቸዋል። «ወረቀታችሁ ላይ ያሉት ሰውዬ ጉንጫቸው ንጹሕ ነው፤ እኚህ ምልክት አላቸው። ሌላ ሰው መስለውኝ ውሃ አጠጥቼ ሸኘኋቸው» አላት። ይህን የሰማሁት ከእሷ ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ «የአባቴ ማድያት የት ሄደ?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት «እሱ ነው ያስጠፋህ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባይገኙለት ደስ ይለዋል» ብላኝ ወጣች። ሁለቱ አባታቸው የሚኖሩበት ቤት ይሸጥ አይሸጥ በሚል ከተኳረፉ መቆየታቸውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

«አጥፋው» ያለው ስለ ስክሪኑ መሆኑን በምን አወቅህ ተብዬ ተጠይቄአለሁ። በዚያ ሰዓት አላወቅሁም። አሁን ግን እህቱ ፎቶ ይዛ እኔ ዘንድ መምጣቷን እንዳልነገርኩት አስታውሳለሁ። የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። እነሱ ደግሞ አይነጋገሩም። ስለዚህ የአባቱ ፎቶ ፊቴ ተከፍቶ እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እሱ የሚያውቀው አንድ ማድያት ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት፣ በእህቱ ክስ ከመያዙ በፊት፣ መጥቶ ወረቀቱን አየ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ስክሪኑን መስሎኝ» አለና ደንበኞች ፎቶ የሚነሱበት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ስክሪኑም እስካሁን አልተቀየረም።

አዲስ ወረቀት አሳትሜአለሁ። ስክሪኑን ስላላመንኩት የታተመውን ደጅ አውጥቼ በፀሐይ አይቻለሁ፤ ምልክቱ በግልጽ ይታያል። በፊተኛው ላይ እየደረብኩ ስለጥፍ አድሬአለሁ። አዛውንቱ ግን ይህ ቃል እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ አልተገኙም።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ማድያቱን እንድሰርዘው ነገረኝ» ተብሎ መጻፉን ሰምቼ እንዲታረም ጠይቄአለሁ። ሰርዘው አላለኝም፤ አጥፋው ነው ያለኝ። መርማሪው «ምን ልዩነት አለው?» ሲለኝ «ስክሪን አይሰረዝም» ብዬአለሁ።

በተጨማሪም ከመርማሪው ወንበር ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለው የፊተኛው ወረቀት መሆኑን በማየቴ እንዲነሳ አመልክቻለሁ።

ከዚህ በላይ ያለው ያየሁትና የሰማሁት ብቻ ነው፤ የጨመርኩትም የደበቅኩትም የለም። ታርሞ በድጋሚ ተነቦልኝ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ «እንድሰርዘው ነገረኝ» የሚለው በምስክሩ ጥያቄ «አጥፋው አለኝ» በሚል ተተክቷል። በግድግዳው ላይ የነበረው ወረቀት ተነስቶ ምልክቱ ያለበት ተለጥፏል።

የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)