መካን የተባለችው ዓሣ

ስለ አንዲት ዓሣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወሬ ሰማሁ። የኩሬው ጠባቂ አጎት ቬንዴል፣ «መካን ናት። ሆዷ የተነፋው በስብ ነው» አሉኝ። ዓሣዋን ገዝተው ያረዷት የምግብ ቤቱ ባለቤት እትዬ ፒሮሽካ ደግሞ፣ «የምን ስብ? እንቁላሏ ትልቁን ሳህን ሞልቶ ተርፏል» አሉኝ። ሁለቱም በመንደራችን በውሸት የማይታሙ ሰዎች ናቸው።

አጎት ቬንዴልን ያገኘኋቸው የትምህርት ቤቱን ልጆች አስተምሬ ስመለስ በግድቡ መንገድ ላይ ነው። ውኃ የሞላ በርሜል በጋሪ ይገፋሉ። በርሜሉ ውስጥ ካርፕ የሚባለው ዓሣ ሁለት ትልልቅ እናቶች እየተገለባበጡ ነበር።

«ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ወደ ሾርባ። አንዷን ጠዋት ልኬያለሁ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እነዚህ እናቶች ከአባታቸው ዘመን ጀምሮ የመጣ ዘር ናቸው። በየዓመቱ ግራር ሲያብብ አባታቸው አበባ የያዘ ቅርንጫፍ ቆርጠው ኩሬው ላይ ይጥሉ ነበር፤ ቅርንጫፉ ሳይጠወልግ ዓሦቹ በኩሬው ሣር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። አጎት ቬንዴልም ይህንኑ ሲያደርጉ ኖረዋል። አምና ግን ዓሦቹ አልጣሉም። ዘንድሮም ግራሩ አብቦ ረገፈ፣ ምንም የለም። የእርሻ ማኅበሩም የዓሣ ጫጩት ካልተገኘ ኩሬውን አድርቆ ሩዝ እንደሚዘራበት አስታወቃቸው።

«መካን እናት ይዤ ማንን ላታልል?» አሉና ጋሪውን ገፉ። አገዝኳቸው።

እትዬ ፒሮሽካ ግቢ ስንደርስ የአጎት ቬንዴል የወንድም ልጅ ኢልካ ከአውቶቡስ ወርዳ ዳቦ ስትበላ አገኘናት። ኢልካ ከተማ ባለው የዓሣ ምርምር ጣቢያ ትሠራለች። እትዬ ፒሮሽካ ጠዋት ስላረዷት ዓሣ የነገሩኝ እዚያው ነው፤ ሳህኑንም አምጥተው አሳዩን። አጎት ቬንዴል ሳህኑን አይተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ሌላ ዓሣ አርደሽ ይሆናል» አሉ።

«አንተ ሽማግሌ፣ የላክኸው አንድ ዓሣ ነው። ሁለተኛውን ከየት ላምጣው፣ ከጓዳዬ ላጥምደው?»

«ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የምትናገሩት» አለች ኢልካ። «አጎቴ፣ እንቁላል መያዝና እንቁላል መልቀቅ ለየብቻ ናቸው። እንቁላሉ ሆድ ውስጥ አድጎ ይጠብቃል። ልቀቂ የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ግን ከጭንቅላቷ ነው። ከአንጎሏ ሥር ከምስር ፍሬ የምታንስ ዕጢ አለች። ውኃው ሲሞቅና ሣሩ ውኃ ሲገባው ያቺ ዕጢ ሆርሞን የሚባል መልእክተኛ ወደ ደሟ ትልካለች። መልእክተኛው ካልደረሰ እንቁላሉ ተዘግቶበት ይቀራል።»

«ዓሣዬ ቴሌግራም እየጠበቀች ነው በዪኛ።»

«አዎ። ቴሌግራሙን ያስቀረው ደግሞ ከወንዙ የተቆፈረው አዲሱ ቦይ ነው። ከተራራ የሚወርደውን ቀዝቃዛ ውኃ ኩሬው ውስጥ ያፈሳል።»

«ግራሩስ? ግራሩ በጊዜው አብቧል።»

«ግራር የሚያዳምጠው ፀሐይን ነው፤ ዓሣ የምታዳምጠው ውኃውን። በአያቴ ዘመን አየሩና ውኃው አብረው ይሞቁ ነበር። አያቴ አልተሳሳቱም፤ ውኃው ነው የተለወጠው።»

ይህን መናገሯ መልካም ሆነ። ሽማግሌው አባታቸው ሞኝ ሲባሉ መስማት አይፈልጉም ነበር፤ አሁን ግን ጋሪው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ሰው አዲስ ነገር የሚጠላው ሁልጊዜ ነገሩን ጠልቶ አይደለም፤ ያሳደጉትን ሰዎች የሚሰድብ ስለሚመስለውም ጭምር ነው።

ኢልካ ከቦርሳዋ የታተመ ጽሑፍ አወጣች። የጣቢያቸው ተመራማሪ ስለዚህችው ዕጢ ያጠኑት ነው። ዘዴው ከታረደ ካርፕ ጭንቅላት ዕጢዋን አውጥቶ፣ ፈጭቶ፣ በጨው ውኃ በጥብጦ በሕይወት ያለችውን እናት መውጋት ነው፤ እንቁላሏን ትለቃለች።

«ዓሣ መርፌ ስትወጋ አይቼ አላውቅም» አሉ አጎት ቬንዴል። «ቀጥሎ መነጽር ልታደርጊላት ነው?»

«መነጽሩ ለእርስዎ ነው፤ ስብና እንቁላል የሚለይ።»

እትዬ ፒሮሽካ ሳቃቸውን በመሐረባቸው ሸፈኑ።

«ቆይ እንጂ» አሉ ሽማግሌው፣ ሳይቆጡ። «ጥፋቱ የቅዝቃዜ ከሆነ ሙቅ ውኃ ውስጥ አስገባታለሁ። መርፌ ለምን?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀደም ብለን ብናውቅ እሱ ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን ግን ወቅቱ እያለፈ ነው፤ ብዙ ከቆየ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ቦዩ በማይደርስበት፣ ሣር ባለው ትንሿ ኩሬ ከወንዶቹ ጋር እናስገባታለን፤ መልእክቱን ደግሞ እኛ እንሰጣታለን።»

«የሚበላትስ ሰው አይመረዝም?»

«መርፌው ውስጥ ያለው ከካርፕ ጭንቅላት የወጣ ነው። እናንተ ያንን ጭንቅላት በየገናው በሾርባ ስትጠጡት ኖራችኋል።»

እትዬ ፒሮሽካ ሳቃቸውን አቆሙ። «ጭንቅላት? የጠዋቷን ጭንቅላት ነው የምትፈልጊው? ያለ ጭንቅላት የተሠራ ሾርባ እኮ የእጅ መታጠቢያ ውኃ ነው።»

«ዕጢዋን ወስጄ ጭንቅላቱን እመልስልዎታለሁ፣ እትዬ ፒሮሽካ። ጣዕሙ አይጎድልም።»

አጎት ቬንዴል ወደ በርሜሉ ጎንበስ አሉ። ቀስ ብለውም፣ «ቦርባላንም እንዲሁ ነበር የሚሏት» አሉ። ቦርባላ ልጅ ሳይወልዱ የሞቱት ሚስታቸው ናቸው። «ይህችው መንደር። ዕድሜዋን ሙሉ።»

ኢልካ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«በሴቶችም ላይ ይህንኑ የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ» አለች። «እንቁላል ኖሮ መልእክቱ የሚጎድልበት ጊዜ አለ ይላሉ። የአክስቴ ችግር እሱ ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። የመረመራት የለም፤ አሁን ማወቅ አይቻልም። ስለነዚህ ግን ማወቅ ይቻላል።»

ሽማግሌው ተነሡ። «ፒሮሽካ፣ ጭንቅላቱን አምጪላት» አሉ።

ኢልካ የታረደችውን ዓሣ ራስ ቅል ከፍታ ዕጢዋን በመቆንጠጫ አወጣች። አጎት ቬንዴል መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። በዚያው ማታ ሁለቱን እናቶች በእርጥብ ጨርቅ ይዘው አስወጉና ከወንዶቹ ጋር ትንሿ ኩሬ ውስጥ ለቀቋቸው። «ቢሞቱብኝ አንቺን ነው የምቀቅልሽ» አሏት ኢልካን።

በማግሥቱ ማለዳ የኩሬው ውኃ የሚፈላ ይመስል ነበር። ወንዶቹ እናቶቹን እያሳደዱ ሣሩን ያናውጡታል። ፀሐይ ከፍ ስትል አጎት ቬንዴል ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡና አንድ ሣር ነቅለው ወጡ። ሣሩ ላይ ከላይ እስከ ታች እንደ ጤዛ የሚያበራ እንቁላል ተጣብቋል። ያንን ሣር ይዘው እንደ ልጅ ተቀመጡና፣ «ለካ ነበረሽ» አሉ።

ጥቂት ቀን ቆይተው ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሊያዩ መጡ። የዚህ ትምህርት ጥቅም ለሁላችንም የተገለጠው ያኔ ነው። ለማኅበሩ ኩሬዎች ሁሉ የሚበቃ ጫጩት ተገኘ። ኩሬው ኩሬ ሆኖ ቀረ፤ ለገናም ዓሣ አይጠፋም። ከእንግዲህ ፀደዩ ቢቀዘቅዝ እንኳ ጥሩ ዘር በከንቱ አይታረድም፤ ድሮ ለሾርባ ብቻ ከሚውለው ጭንቅላትም ሌላ ሕይወት ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሆዷ የተዘጋባትን ሁሉ መካን ብሎ መፍረድ ቀላል እንደሆነ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ግን እንደሚያድን አየን።

ሊቀ መንበሩ፣ «እንግዲህ አጎት ቬንዴል፣ ለሚመጣው ዓመት ምን አሰቡ?» ሲሉ ጠየቋቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የግራሩን ቅርንጫፍ እጥላለሁ፤ እሱ ለአባቴ ነው። ከዚያ የውኃውን ሙቀት እለካለሁ። ውኃው እንቢ ካለ መርፌውን እኔ ራሴ እወጋለሁ፤ ይህች ልጅ ታስተምረኛለች። መካን የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግድብ ላይ ማንም አይናገረውም፤ ስለ ዓሣም፣ ስለ ሰውም።»