ወደ እናቷ ክፍል ያዘመመው ግድግዳ

ከካራንቲና ሰፈር ወደ መካ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር። አንዷ ወጣት የቤት ሠራተኛ ናት፤ ሌላዋ በዕድሜ የገፉ ናቸው።

«ለእናቴ ኮምቦልቻ ቤት ገዛሁላት» አለች ወጣቷ።

«ማሻአላህ! ታዲያ ምን ያስተክዝሻል?»

«ጎረቤቱ ነዋ፣ እማማ። ሰው የማይኖርበት ቤት ነው። ግድግዳው እናቴ ወደምትተኛበት ክፍል አዘንብሏል።»

«ሳታዪው ነው የገዛሽው?»

«በቪዲዮ አየሁት። በሩንም ጓዳውንም አሳዩኝ። የጎረቤቱን ማን ቀርጾ ያሳየኛል?»

«ለቀበሌ አላመለከታችሁም?»

«አመለከትን። ያለ ባለቤቱ አናፈርስም አሉ። ባለቤቱ ደግሞ እዚሁ አገር፣ መካ ነካሳ ሰፈር ይኖራል ይባላል። ማዳሜን አስፈቅጄ እሱን ልፈልግ መሄዴ ነው።»

«ስልክ የለውም?»

«አለው፤ አያነሳም።»

«ዝናቡስ?»

«ትናንት ጀመረ። አልጋሽን ወደ ሳሎን አውጪ ስላት፣ ልጄ በገዛችልኝ ክፍል ነው የምተኛው ትላለች።»

«ያ ረብ! ሰውየውን ብታገኚው ምን ትይዋለሽ?»

«ወይ ያፍርሰው፣ ወይ እኔ ላስፈርሰው ይፍቀድልኝ። ኸላስ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ደሴ ቆልፌው ከመጣሁት ቤት አጥር ማዶ ማን ይኖር እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ።