ጣሊያኑን ያነጠረው ስልቻ

እናንተዬ፣ በጣሊያን ጊዜ አንዱ ሶልዳቶ፣ ወታደራቸው፣ መንገድ ምራኝ ብሎ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በሞተር ሳይክሉ አፈናጠጠኝ። ብዙም ሳንርቅ ኮረኮንቹ መቀመጫውን ቢያቃጥለው ይራገም ጀመር። አዘንኩለትና ዓባይን የምሻገርበትን ስልቻ፣ እንደ ልማዴ እስኪወጠር ነፍቼ ከሥሩ አደረግሁለት። የመጀመሪያው ቦይ ላይ ሰውየው ከዋርካ በላይ ተነሥቶ ጤፍ ማሳ ውስጥ ዘጭ አለ።

ሽጉጡን መዝዞ፣ “ሽፍታ! ልትገድል እኔን!” አለኝ።

“ኧረ ጌታዬ፣ እንዲህ የጠገበው ለወንዝ ነው፤ ለርስዎ እናስርበው!” ብዬ ግማሹን ትንፋሽ አስወጣሁለት። እየተጠራጠረ ተቀመጠ፤ ወዲያው ፊቱ ፈታ አለ። ሽጉጡን ከትቶ እየዘፈነ ነዳ።

እኔ ከኋላው ባዶ ብረት ላይ ነበርኩ። ሳምንት ሙሉ ቆሜ በላሁ፤ ግን ተርፌ በላሁ!