ባቡር የሚውጠው ተራራ

ልንገራችሁማ! እዚህ ዐረብ አገር፣ መዝረዓ በሚባለው ሰፈር የምሠራበት ቤት ጌታ፣ ሚስተር፣ አንድ ሙሉ ክፍል ውስጥ ትልቅ ጠረጴዛ አስገብተው የመጫወቻ ባቡር ሐዲድ ዘርግተውበታል። መሐሉ ላይ በጀሶ የሠሩትን ተራራ አምባሰል ቢያየው ያፍራል። ቀዩ ባቡር ተራራው ውስጥ ይገባል፣ አረንጓዴው ይወጣል። አቧራ በጠረግኩ ቁጥር "ይህ ተራራ ባቡሩን ቀለም ውስጥ ይነክረዋል እንዴ?" እያልኩ ዓመት ሙሉ ስደነቅ ኖርኩ።

አንድ ቀን ታዲያ ቀዩ ገብቶ ቀረ፤ አረንጓዴውም አልወጣም። ሚስተርን ላብ አጠመቃቸው። ጓደኞቻቸው ባቡሩን ሊያዩ መንገድ ላይ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የውስጡ ሐዲድ እንዳይታይ ተራራውን ዙሪያውን ደፍነውታል። መዶሻ አነሱ።

"ኸላስ፣ በቃ ዘይነባ፣ የስድስት ወር ልፋቴን ላፈርሰው ነው!"

"ኧረ ቆይ ሚስተር! እኛ አገር ቀፎ በጀርባው ክዳን አለው። ንቡ በፊት ይገባል፣ ማር ቆራጩ በኋላ። ለማር ብሎ ቀፎ የሚሰብር ማን አለ?"

ትንሽ አሰቡና ጠረጴዛውን ከግድግዳው ስበን፣ እንግዳ በማያይበት በኩል በመጋዝ መስኮት አወጡለት። አጎንብሼ ባይ፣ የተራራው ሆድ ውስጥ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ! ቀዩ ተጋድሞ መንገድ ዘግቶባቸዋል። እጄን እስከ ብብቴ ሰድጄ አቃናሁት።

እንግዶቹ መጡ። ቀዩ ገባ፣ አረንጓዴው ወጣ። አንዱ ሽማግሌ ወደኔ ዞረው "ቀዩ የት ሄደ?" አሉኝ። ሚስተር ምስጢሩን እንዳላወጣ በዓይናቸው ለመኑኝ።

"ሐጂ፣ እኔ አቧራ ጠራጊ እንጂ ተሳፋሪ ቆጣሪ አይደለሁም" አልኳቸው።