ጥንድ አራት ይዞ ቀድሞ መናገር

ቅዳሜ ጠዋት መካነ ሰላም መናኸሪያ ስደርስ የከላላው ሚኒባስ ገና ግማሽ ሰው አልያዘም፤ ረዳቱ ግን «ሞላ! ሞላ!» እያለ ይጮሃል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምሄደው የታመመች በቅሎ ለማየት ነበር። ገብቼ ስቀመጥ ከኋላዬ ጋሽ ክንፈና ኢልሀም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ጋሽ ክንፈ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ጨዋነታቸው ልክ የለውም። በር ላይ ከገጠሙህ «ግባ እንጂ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስትባባሉ ዝናብ ይመታሃል። ኢልሀም የሒሳብ መምህርት፣ የጎረቤታቸው የሙሐመድአሚን ልጅ ናት። ሁለቱም በከተማችን የፖከር ቡድን ውስጥ ይጫወታሉ። ገንዘብ የለበትም፤ የሚያዘው ባቄላ ነው። ቁማር ቢሆንማ ኢልሀም እዚያ ደጃፍ አትደርስም ነበር።

«ምነው ጋሽ ክንፈ፣ ፊትዎ ጠቆረሳ?» አልኳቸው።

«የዛሬው የከላላ ግጥሚያ መጨረሻዬ ነው ዶክተር። አስቻለች ቁርጡን ነግራኛለች፤ ዛሬም ከተሸነፍኩ ቦታዬን ለሌላ ትሰጣለች። የቡድኑ መሪ ናት፤ አልፈርድባትም። ግን ከዚያ ጠረጴዛ ከተነሳሁ ማን ያነጋግረኛል? ግድግዳው?»

አንጀቴን በሉት። ኢልሀም ግን ማዘኑን ትታ ወደ ነገሩ ገባች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና የሚሸነፉት በዕድል አይደለም። ትንሽ ጥንድ ሲደርስዎት ያባክኑታል።»

«እንዴት አባከንኩ? ተጠንቅቄ ነው እንጂ! ጥንድ አራት ምን ይረባል? መሐል ላይ ንጉሥ ከተገለጠ አለቀለት።»

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደለዋል። ከዚያ ለሁሉም የሚያገለግሉ አምስት ካርታዎች መሐል ላይ ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስቱ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ። በየመሐሉ ባቄላ ይጨመራል፤ የሚጨመረው ግን የተወሰነ ነው፤ ያሻህን ያህል መዝራት አይፈቀድም። ሁለት አንድ ዓይነት ካርታ፣ ሁለቱም ከእጅህ ወይም አንዱ ከመሐል ሲገጥም፣ ጥንድ ይባላል፤ ትልቅ ጥንድ ትንሹን ይረታል፤ ካርታውን የጣለ ግን የያዘው ምንም ቢሆን ይሸነፋል። ቀድሞ የሚናገር ሰው ደግሞ የሌላውን ሐሳብ ሳያውቅ ስለሚናገር ይጎዳል።

«እሱን ነው የምልሽ» አሉ ጋሽ ክንፈ። «ቀድሜ የምናገር ከሆነ በትንሽ ጥንድ ምን አደፋፈረኝ? አልፋለሁ፤ ‹እርስዎ ይቀጥሉ› እላለሁ። ደግሞስ በሽማግሌ ወግ ቀድሞ መዘላበድ ነውር አይደለም እንዴ?»

«ይኸው! ወላሂ እሱ ነው የጎዳዎት!» ኢልሀም እጇን አጨበጨበች። «ለመሶብ የሚሆነውን ወግ ካርታ ላይ ይዘውት መጡ። መሶብ ላይ እንግዳ ይቅደም፣ ደግ ነው። ካርታ ላይ ‹ይቀጥሉ› ሲሉት ግን የዛሬው ተጋጣሚዎ ኪዳነማርያም ቀጣዩን ካርታ በነጻ ያያል። ሲሸነፍ የነበረው ሰውዬ በእርስዎ ጨዋነት ንጉሡን ያገኛል!»

እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እውነቷን ነበር። ይህ የኛ አገር ሰው አጉል ይሉኝታ ስንቱን ጥንድ እንዳስጣለ ፈጣሪ ይቁጠረው።

«እሺ፣ ኪዳነማርያም ቀድሞውንም ትልቅ ካርታ ይዞ ቢሆንስ?» አሉ ጋሽ ክንፈ፤ ሰውዬው ዝም ብለው የሚረቱ አይደሉም።

«ስድስት ሰው ቢቀመጥ እኔም ይጠንቀቁ እልዎት ነበር፤ ከስድስቱ አንዱ መያዙ አይቀርም። ዛሬ ግን አንድ ለአንድ ናችሁ። ጥንድ ያልያዘ ሰው፣ መሐል የሚገለጡት ሦስቱ ካርታዎች ከሦስት ጊዜ ሁለቱን አይረዱትም። እርስዎ ግን ጥንድዎ እጅዎ ላይ ነው። ሲጨምር ይጨምሩበት። ሦስቱ ሲገለጡም ቀድመው ይያዙ። ወይ ይጥላል፣ ወይ ከፍሎ ያያል።»

«ንጉሥ ቢመጣም?»

«ቢመጣም! ንጉሡ የእርስዎ አለመሆኑን እሱ በምን ያውቃል?»

ጋሽ ክንፈ ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞሩ። ይህ ነገር በስንት ዘመን ጨዋታ አልመጣላቸውም ነበር።

«ታዲያ መልሶ ቢጨምርብኝስ? ገደል አልገባም?»

«ጭማሪው ልክ ያለው መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ጋሼ። በአንድ ጊዜ የባቄላ ኩባያዎን ሊገለብጥብዎት አይችልም። ልክ ያለው ጭማሪ ብዙም አያስፈራም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ተናግረው ዝም አይበሉ፣ በየተራው ይድገሙት። በኋላ ጠንክሮ ከመለሰብዎት ግን ልብዎን አያደንድኑ፤ ይጣሉት። ያጡት ጥቂት ፍሬ ነው። አብሽሩ!»

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። እስከ ከላላ ድረስ ጋሽ ክንፈ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ይጸልዩ ይሆን ይለማመዱ አላወቅሁም።

በቅሎዋን አክሜ ወደ ጨዋታው ቤት ስደርስ ሰዓቱ አልቆ የመጨረሻው ዙር ካርታ ሊታደል ነው። የጋሽ ክንፈና የኪዳነማርያም ባቄላ እኩል ለእኩል ነበር። ኪዳነማርያም የከላላ እህል ነጋዴ፣ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነው። አደለ። ከጋሽ ክንፈ ኋላ ስለቆምኩ ካርታቸውን አየሁት፤ ጥንድ አራት!

ኪዳነማርያም ጨመረ። ጋሽ ክንፈ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «በላዩ ጨምሬያለሁ» አሉ። ኪዳነማርያም ቀና ብሎ አያቸው፤ ከእሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ተከተለ።

መሐል ላይ ሦስቱ ተገለጡ፤ ንጉሥ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት። ንጉሡን ሳይ «በቃ፣ ሊያልፉ ነው» አልኩ በሆዴ። መሐሉ ከተገለጠ በኋላ ያደለው ሰው መጨረሻ ስለሚናገር፣ አሁን ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን ባቄላውን ገፉት። ኪዳነማርያም አንገቱን አክኮ ተከተለ።

አራተኛው ካርታ ንግሥት ሆነ። ጋሽ ክንፈ ጊዜ አልፈጁም፤ እንደገና ገፉ። አስቻለች ከወንበሯ ተነሥታ ቆማለች፤ ኢልሀም ዓይኗን ጨፍናለች። ኪዳነማርያም ንጉሡን አየ፣ ንግሥቲቱን አየ፣ ጋሽ ክንፈን አየ።

«ንጉሡ የእርስዎ ነው፤ ይብቃኝ» ብሎ ካርታውን ገልብጦ ጣለው። ጥንድ ስድስት ነበር።

ጋሽ ክንፈ አራቶቻቸውን ገለጡ።

«ወይ ጉዴ!» ኪዳነማርያም ራሱን ያዘ። «እርስዎን ጨዋ ሰው ብዬ አምኜ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አስቻለች እየሮጠች አቀፈቻቸው። «ቦታዎን ማንም አይነካም ጋሼ! ማንም!» አለቻቸው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሽ ክንፈ ወደ ኢልሀም ዞሩ።

«ልጄ፣ ረትተሽኛል። ጥፋቱ የካርታ ብቻ አይደለም። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሰው እስኪጠራኝ ነው የምጠብቀው። ሰውም ‹ሐዘን ላይ ናቸው፣ አናስቸግራቸው› እያለ እኔን ይጠብቃል። ነገ ሁላችሁም ቤቴ ምሳ ትበላላችሁ። ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ በግ ለየብቻ ነው የማሳርደው፤ ለእናንተ የሚያርደውን አባትሽን ይዘሽልኝ ነይ።»

«ኢንሻአላህ ጋሼ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

እነሆ፣ ቀድሞ መናገር እንዲህ ይጠቅማል። ሌላው በነጻ የሚያገኘውን ያስከፍለዋል፣ የተሻለ የያዘውንም ያስጥላል፣ ከሁሉ በላይ ግን በፍርሃት የተዘጋ ሰው ቤቱን እንዲከፍት ያደርጋል። ከዚያ እሁድ ወዲህ ጋሽ ክንፈ ቤት ሰው ጠፍቶ አያውቅም። ባለፈው ወር አስቻለች የቡድኑን ጠረጴዛ በጋሪ አስጭና እሳቸው ሳሎን አስገብታዋለች።